ውዝፍ ደመወዝ የቆረቆራት መንደር

በሰሜን ምሥራቅ ፖላንድ፣ ከቤላሩስ ድንበር አጠገብ፣ ክሩሺንያኒ የምትባል ትንሽ መንደር አለች። አረንጓዴ የተቀባው የእንጨት መስጊዷ ፊት ለፊቱ ሁለት ማማ ስላለው ከሩቅ ላየው የገጠር ቤተ ክርስቲያን ይመስላል። የሠሩት ክርስቲያን አናጢዎች ናቸው ይባላል፤ አሠራሩን ላየ ይህን ማመን አይከብደውም።

ስለ መንደሯ ብዙ ጊዜ የሚተረከው ታሪክ ይህ ነው። እ.ኤ.አ. በኦክቶበር 1683፣ ቪየና ከኦቶማን ከበባ ከተላቀቀች ከጥቂት ሳምንታት በኋላ፣ የፖላንዱ ንጉሥ ያን ሳልሳዊ ሶቢየስኪ ፓርካኒ በተባለ ቦታ በጠላት ፈረሰኞች እጅ ሊወድቅ ሲል ሳሙኤል ሙርዛ ክሼቾቭስኪ የተባለ የታታር መኮንን ደርሶ አተረፈው፤ መንደሯም የውለታው ዋጋ ሆነች። ንጉሡ በዚያ ውጊያ ለሞት ተቃርቦ እንደነበረ አያጠራጥርም። ነገር ግን መሬቱ ለክሼቾቭስኪና ለሰዎቹ የተሰጠበት ደብዳቤ የተጻፈው ማርች 12 ቀን 1679 ነው። ሽልማት ከውለታው አራት ዓመት ቀድሞ አይመጣም።

መዝገቡ የሚያሳየው ምክንያት ዕዳ ነው። ታታሮች ከ14ኛው ክፍለ ዘመን ጀምሮ በሊትዌኒያ ሰፍረው በፈረሰኝነት ያገለግሉ ነበር። የአባቶቻቸውን ቋንቋ ቢረሱም እስልምናቸውን አልተዉም፤ የሃይማኖት መጻሕፍታቸውን ሳይቀር የአካባቢውን የስላቭ ቋንቋ በዓረብኛ ፊደል እየከተቡ ያዘጋጁ ነበር። በ1672 ግን ደመወዛቸው ተወዝፎ፣ መብታቸውም ተሸርሽሮ፣ ብዙ የፈረሰኛ ጓዶች ከድተው ወደ ኦቶማን ገቡ። ያ ጊዜ ፖላንድ ከኦቶማን ጋር የተዋጋችበት ነበርና ጉዳቱ ቀላል አልነበረም። ምክር ቤቱ ሴይም በ1677 መብታቸውን አጸና፤ የግምጃ ቤቱ ችግር ግን በውሳኔ የሚፈታ አልነበረም። ስለዚህ ንጉሡ በግሮድኖ ዙሪያ ካለው የዘውድ ርስት ላይ እየቆረሰ መሬት በማደሪያነት ሰጣቸው፤ እነሱም ሲጠሩ ሊዘምቱ ቃል ገቡ። ክሩሺንያኒም ሆነች እህት መንደሯ ቦሆኒኪ የታታር ሰፈር የሆኑት በዚህ መንገድ ነው። በእኔ ግምት ይህ ከጀግናው ተረት ይልቅ ስለዚያ ዘመን መንግሥት ብዙ ይናገራል።

መስጊድ መኖሩ በጽሑፍ የሚገኘው ከ1717 ጀምሮ ነው፤ ዛሬ የቆመው ሕንፃ ከዚያ የኋላ ነው። ከመስጊዱ ጀርባ ባለው ደን ውስጥ ሚዛር የሚሉት መካነ መቃብር አለ። ከድንጋዮቹ ብዙዎቹ አናታቸው ላይ በዓረብኛ የእምነት ምስክርነቱ ሸሃዳ፣ ከሥሩ የሟቹ ስም በፖሊሽ ወይም በሩሲያኛ ተቀርጾባቸዋል። አንዱ ድንጋይ ላይ እምነቱንም፣ የኖረበትን አገርም፣ የገዛውን መንግሥትም ታነባለህ።

ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ድንበሩ ሲሰመር ክሩሺንያኒ በፖላንድ በኩል ቀረች፤ አብዛኞቹ የታታር ሰፈሮች ግን ወደ ሶቪየት ግዛት ተጠቃለሉ። ዛሬ የመንደሯ ነዋሪ በብዛት ኦርቶዶክስ ነው፤ የቀሩት የታታር ቤተሰቦች በጣት የሚቆጠሩ ናቸው። መንግሥት የክሩሺንያኒንና የቦሆኒኪን መስጊዶችና መቃብሮቻቸውን በ2012 በብሔራዊ የታሪክ ሐውልትነት መዝግቧል። በበዓል ቀን ግን መስጊዱን የሚሞሉት ከቢያዊስቶክና ከሌሎች ከተሞች የሚመጡ ዘመዶች ናቸው።