ዝም ያለ ደስታ

ካርል ጉስታቭ ዩንግ ሲግመንድ ፍሮይድን ለመጀመሪያ ጊዜ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ1907 ቪየና ውስጥ ነው። ዩንግ በስተርጅናው ሲያስታውስ፣ በዚያ ቀን አሥራ ሦስት ሰዓት ያህል ያለ ፋታ እንደተነጋገሩ ይተርካል። አሥራ ሦስት ሰዓት! እንዲህ ባለ ጨዋታ የተጀመረው ወዳጅነት ግን ስድስት ዓመት እንኳ አልሞላውም። በ1909 አብረው ውቅያኖስ ተሻግረው አሜሪካ፣ ክላርክ ዩኒቨርሲቲ ንግግር አደረጉ። በ1913 መጀመሪያ መጻጻፉን አቆሙ፤ በዚያው ዓመት ሙኒክ ላይ በተካሄደ ጉባኤ ተያዩ፤ ከዚያ ወዲያ አልተገናኙም።

በዚያ ጉባኤ ላይ ዩንግ የተናገረው ስለ ሁለት ዓይነት ሰዎች ነበር። አንደኛው ልቡ ወደ ውጭው ዓለም፣ ወደ ሰውና ወደ ነገር የሚፈስስ፤ ሁለተኛው ልቡ ወደ ገዛ ውስጡ የሚመለስ። ዛሬ ኤክስትሮቨርትና ኢንትሮቨርት ሲባል የምንሰማው የዚህ ክፍፍል ልጅ ነው። በ1921 በጀርመንኛ ያሳተመው ዳጎስ ያለ መጽሐፍ ይህንኑ አስፍቶ ያብራራል። እንቆቅልሹ እንዲህ ነበር፦ ፍሮይድና አልፍሬድ አድለር አንድን ሕመምተኛ ቢያዩ፣ የመጀመሪያው ሰውየው ከሌሎች የሚሻውን፣ ሁለተኛው ሰውየው ላለማነስ የሚያደርገውን ትግል የሚያየው ስለ ምንድን ነው? የዩንግ መልስ፣ ሁለቱም አልዋሹም፤ የቆሙበት መስኮት ተለያየ እንጂ የሚል ነው። እኔ ይህን ታሪክ የምወድደው ሐሳቡ የጎለበተው በተሰበረ ወዳጅነት ማግሥት በመሆኑ ነው። ለመፍረድ ሳይሆን ለመረዳት የታሰበ ክፍፍል ነበር። ማን ይበልጥ ደስተኛ ነው የሚለው ክርክር በኋላ የመጣ ነው።

የመጣውም ከመለኪያ ጋር ነው። በጀርመን ተወልዶ በእንግሊዝ የሠራው ሃንስ አይዘንክ ከ1940ዎቹ ጀምሮ ክፍፍሉን ወደ ቁጥር ለወጠው፤ በምላስ ላይ የሎሚ ጭማቂ ጠብ አድርጎ የማን ምራቅ ይበልጥ እንደሚፈልቅ እስከ መመዘን ተደረሰ። (የዝምተኞቹ በለጠ ተባለ።) በ1980 ደግሞ አሜሪካውያኑ ፖል ኮስታና ሮበርት ማክሬ ተጫዋችነት ከደስታ ስሜት፣ ተጨናቂነት ከመከፋት ስሜት ጋር አብሮ እንደሚሄድ አሳዩ። ብዙ ጥናቶች ይህንኑ ደገሙት። ግኝቱን ሐሰት ነው ለማለት አልደፍርም፤ በአማካይ ሲታይ እንዲያ ነው። ነገር ግን መለኪያው ራሱ ያሳስበኛል።

ስለ መለኪያው ከተነሣ ማይክል አርጋይልን ማለፍ አይቻልም። የኦክስፎርዱ ሊቅ ስለ ደስታ ሥነ ልቦና አስቀድመው ከጻፉት አንዱ ነው፤ ራሱም የስኮትላንድ ባህላዊ ጭፈራ አፍቃሪ፣ ከሰው መካከል የማይጠፋ ሰው ነበር። ከፒተር ሂልስ ጋር ያዘጋጀውና በ2002 የታተመው የደስታ መጠይቅ፣ ብዙ ትስቃለህ ወይ፣ ለሰዎች ፍቅር አለህ ወይ፣ ሌሎችንስ ደስ ታሰኛለህ ወይ የሚሉ ዓይነት ጥያቄዎች አሉበት። እንግዲህ በዚህ ሚዛን ላይ ፍልቅልቁ ሰው ገና ሳይመዘን አይከብድምን? አርጋይልን የማከብረው ግን ስለዚህ ነው፦ ያው ጨፋሪ ሰው ከሂልስ ጋር በ2001 ባሳተመው ጥናት ስለ ደስተኛ ዝምተኞች ጻፈ። ደስተኛ ነን ከሚሉት መካከል ወደ ውስጥ ያዘነበሉ ሰዎች ጥቂት እንዳልሆኑ አስተዋለ።

የእኛ ቋንቋ በዚህ ጉዳይ ሁለት ልብ ነው። «ዝም አይነቅዝም» ይላል፤ ዞር ብሎ ደግሞ «ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል» ይላል። «ጭምት» ማለት ምስጋና ነው፤ «ዓይናፋር» ከሚለው ጋር አንድ አይደለም፤ ዓይናፋር ሰውን እየፈለገ የሚፈራ ነውና። ሆኖም በሠርግ ቤት ጥግ ይዞ የተቀመጠውን ጭምት «ምነው? አሞሃል እንዴ?» ሳይለው የሚያልፍ የለም። እኔም ስንት ጊዜ ተጠይቄያለሁ። ጠያቂዎቹ ከልባቸው እያዘኑልኝ ነበር፤ እኔ ደግሞ ማሲንቆውን እየሰማሁ፣ የሙሽራዪቱን እናት ፊት እያየሁ፣ በዚያች ሰዓት ከማንም የማላንስ ደስተኛ ነበርሁ። መልሱ ግን እንዴት ይነገራል? ከተነገረ ደስታው ይበተናል።

ዩንግም ቢጠየቅ ምን እንደሚመልስ አስባለሁ። ብቸኛ ሰው አልነበረም፤ ሚስትና አምስት ልጆች ነበሩት፣ ሕመምተኞች ከሩቅ አገር ይመጡለት ነበር፣ በ1925ም እስከ ኬንያና ኡጋንዳ ድረስ ተጉዟል። ነገር ግን በ1923 እናቱ በሞተችበት ዓመት፣ ከዙሪክ ሐይቅ ላይኛው ጫፍ፣ ቦሊንገን በተባለ ስፍራ ክብ የድንጋይ ግንብ መሥራት ጀመረ። በየጥቂት ዓመቱ አንድ ክፍል እየጨመረ ቆይቶ፣ የመጨረሻውን የጨመረው በ1955 ሚስቱ ኤማ ከሞተች በኋላ ነው። መብራት አላስገባበትም። ውኃውን ከጉድጓድ እየሳበ፣ እንጨቱን እየፈለጠ፣ ወጡን ራሱ እየሠራ፣ ማታ በዘይት ፋኖስ ይቀመጥ ነበር። አንዳንዴ ቀኑን ሙሉ ማንንም አያነጋግርም።

በ1950 ለግቢው አጥር ድንጋይ አዝዞ፣ ባለሦስት ማዕዘኑ የማዕዘን ድንጋይ ሲጠበቅ አራት ማዕዘን የሆነ ትልቅ ድንጋይ መጣ። ግንበኛው ተቆጥቶ መልሱት አለ። ዩንግ ግን ሲያየው «የለም፣ ይህ የእኔ ነው» ብሎ አስቀረው። ሰባ አምስተኛ ዓመቱን በያዘበት በዚያ ዘመን መሮና መዶሻ አንሥቶ በላቲንና በግሪክ ፊደል ጥቂት በጥቂት ይቀርጸው ጀመር። ድንጋዩ ዛሬም ከግንቡ ውጭ ሐይቁ ዳር ቆሟል።