«ከበፊቱ ይሻላል» የተባለለት እንክብል

ከ1869 ወዲህ (ዓመታቱ ሁሉ እንደ ፈረንጆች አቆጣጠር ናቸው) በየዘመኑ ለገበያ የቀረበ የእንቅልፍ መድኃኒት ሁሉ «ከበፊቱ ይሻላል» እየተባለለት ነው የመጣው። ውዳሴው ባዶ አልነበረም። አዲሱ መድኃኒት ቀዳሚው የሚታማበትን ጉድለት ብዙውን ጊዜ በርግጥ ያቃልል ነበር። ነገር ግን ደህንነቱ የሚመዘነው የቀደመው ጉዳት ባደረሰበት በኩል ብቻ ስለነበር የራሱ ጉዳት ማንም ባልጠበቀው በኩል መጣ። በብዛት ሲወሰድ አይገድልም የተባለው ፅንስ አጎደለ፤ ፅንስ ከሚያጎድለው የተሻለው ጥገኛ አደረገ፤ ጥገኝነቱ ቀላል ነው ተብሎ የተተካው ደግሞ ሰውን ከተኛበት አስነሥቶ መኪና አስነዳ። ይህ መደጋገም አጋጣሚ አይመስለኝም። የእንቅልፍ መድኃኒት ሲፈተን የሚጠየቀው በስንት ደቂቃ እንዳስተኛ፣ ስንት ሰዓትም እንዳቆየ ነው። ጉዳቱ የሚደርሰው ግን ሌሊት ተመልካች በሌለበት፣ ወይም በማግስቱ፣ ወይም ከወራት በኋላ ነው።

ነገሩ የሚጀምረው በክሎራል ሃይድሬት ነው። ጀርመናዊው ኬሚስት ዩስቱስ ፎን ሊቢግ ክሎራልን በ1832 ቢሠሩትም ለማስተኛት ያዋለው ሰው አልነበረም። በ1869 የበርሊኑ ኦስካር ሊብራይሽ ክሎራል ደም ውስጥ ሲገባ ወደ ክሎሮፎርም ይለወጣል ብለው ገመቱና ሞከሩት። ግምታቸው ስሕተት ነበር፤ ሰውነታችን ክሎራልን የሚለውጠው ወደ ሌላ ውሕድ ነው። መድኃኒቱ ግን አስተኛ። እንቅልፍ ያጣ ሰው እስከዚያ ድረስ የሚያገኘው ኦፒየም፣ ሞርፊን ወይም አልኮል ስለነበር ክሎራል እንደ ትልቅ እፎይታ ተቆጠረ። እንዴት እንደሚሠራ በትክክል ሳይታወቅ በየቤቱ መግባቱ የኋላውን ታሪክ ሁሉ አስቀድሞ ያሳያል። እንግሊዛዊው ሠዓሊና ገጣሚ ዳንቴ ጋብርኤል ሮሴቲ እንቅልፍ ፍለጋ የጀመሩት ክሎራል ጥገኛ አድርጓቸው ጤናቸው ተጎሳቁሎ በ1882 ሞቱ። የፊዚክስ ሊቁ ጆን ቲንዳል በ1893 ያረፉት ባለቤታቸው ሌላ መድኃኒት የሰጧቸው መስሏቸው ክሎራሉን በብዛት ስላጠጧቸው ነው። በሚያስተኛውና በሚገድለው መጠን መካከል ያለው ርቀት እንዲህ ጠባብ ነበር።

ክሎራል ጣዕሙም ሽታውም አይወደድም ነበርና ተተኪው ሲመጣ ሁሉም ደስ አለው። የኬሚስትሪ ኖቤል ተሸላሚው ኤሚል ፊሸርና ሐኪሙ ዮሴፍ ፎን ሜሪንግ በ1903 የመጀመሪያውን ባርቢቹሬት አስተዋወቁ፤ ቬሮናል ተብሎም ተሸጠ። በ1912 ሉሚናል ተከተለ፤ ይህ ፌኖባርቢታል የሚባለው መድኃኒት በአገራችን ጤና ተቋማት ለሚጥል በሽታ እስከ ዛሬ የሚታዘዘው ነው፤ ስለዚህ ቤተሰቡን በክፉ ብቻ ማንሣት ተገቢ አይሆንም። ባርቢቹሬቶች ለግማሽ ምዕተ ዓመት የእንቅልፍ መድኃኒት ገበያውን ገዙ። ጉዳታቸው የተሠወረው በአሠራራቸው ውስጥ ነው። ሰውነት ይለምዳቸዋል፤ ትናንት በአንድ እንክብል የተኛው ሰው ዛሬ ሁለት ያስፈልገዋል። የሚያስተኛው መጠን እያደገ ሲሄድ የሚገድለው መጠን ግን በዚያው ልክ አያድግም፤ ስለዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ክፍተት በየወሩ ይጠብባል። አልኮል ከተጨመረበት ደግሞ መተንፈስ ሊቆም ይችላል። ነሐሴ 1962 በ36 ዓመቷ የሞተችው ተዋናይት ማሪሊን ሞንሮ አስከሬኗ ሲመረመር የተገኘባት ባርቢቹሬትና ክሎራል ነበር፤ በ1869 የመጣው መድኃኒትና የእሱ ምትክ በአንድ ሰው ደም ውስጥ ተገናኝተዋል።

በ1950ዎቹ ስለ እንቅልፍ መድኃኒት የሚያስብ ሁሉ የሚፈራው እንግዲህ አንድ ነገር ነው፤ በብዛት ተወስዶ መግደሉ። ለዚህ ፍርሃት ታሊዶማይድ ፍጹም መልስ መሰለ። የምዕራብ ጀርመኑ ግሩነንታል ኩባንያ መድኃኒቱን ለእንስሳት እጅግ በብዛት ሰጥቶ የሚገድል መጠን ሊያገኝለት አልቻለም። ጥቅምት 1 ቀን 1957 ኮንተርጋን በሚል ስም ያለ ሐኪም ማዘዣ ለሽያጭ ቀረበ፤ ለነፍሰ ጡሮችም እንደሚመች ተነገረለት። አይገድልም ማለት አይጎዳም ማለት ተደርጎ ተወሰደ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ የሚወስዱት ሰዎች እጅና እግራቸው መደንዘዝና መቃጠል ጀመረ፤ ነርቭ መጉዳቱ ነበር። ይህን የሚገልጽ የአንድ ሐኪም ደብዳቤ በታኅሣሥ 1960 መጨረሻ በእንግሊዝ የሕክምና መጽሔት ወጣ። መድኃኒቱን አሜሪካ ውስጥ ለመሸጥ የቀረበውን ማመልከቻ ይመረምሩ የነበሩት የምግብና የመድኃኒት አስተዳደር ባለሙያዋ ዶክተር ፍራንሰስ ኬልሲ ደብዳቤውን አነበቡ። የአዋቂን ነርቭ የሚጎዳ ነገር ፅንስ ላይ ምን ያደርጋል ብለው ጠየቁ፤ አመልካቹ ኩባንያ ደጋግሞ ቢወተውትም መልስ እስኪያገኙ ፈቃዱን ያዙ። ኅዳር 1961 የሃምቡርጉ ሐኪም ቪዱኪንት ሌንትስ እጅና እግራቸው ሳያድግ የሚወለዱት ሕፃናት እናቶች ታሊዶማይድ መውሰዳቸውን ለግሩነንታል አስታወቁ፤ በዚያው ወር መድኃኒቱ ከጀርመን ገበያ ወጣ። በዓለም ዙሪያ ከ10,000 በላይ ሕፃናት ተጎድተዋል። ብዙ ሴቶች እርግዝናቸውን ገና በማያውቁባቸው ሳምንታት አንድ እንክብል እንኳ በቂ ነበር።

ዛሬ መድኃኒት ሠሪ ሁሉ ምርቱ እንደሚሠራ በማስረጃ እንዲያሳይ የሚያስገድደው የአሜሪካ ሕግ የወጣው በ1962 ከዚህ ሐዘን በኋላ ነው። የእንቅልፍ መድኃኒት የዓለምን የመድኃኒት ሕግ ለወጠ ቢባል ማጋነን አይሆንም። ታሊዶማይድ ራሱም አልሞተም፤ በ1964 ኢየሩሳሌም ውስጥ ዶክተር ያዕቆብ ሼስኪን በሕመም እንቅልፍ ላጡ የሥጋ ደዌ ሕሙማን ሲሰጡት እንቅልፍ ብቻ ሳይሆን የቆዳቸው ቁስለት ሲሽር አዩ፤ አሁን በጥብቅ ቁጥጥር ይሰጣል። መርዝነቱ እንዳለ ነው፤ የተለወጠው ማን፣ መቼ፣ በምን ጥንቃቄ እንደሚወስደው መታወቁ ነው።

የቤንዞዲያዜፒኖች ዘመን በአጭሩ ሊነገር ይችላል። ሊብሪየም በ1960፣ ቫሊየም በ1963 ወጡ። ብቻቸውን ሲወሰዱ እንደ ባርቢቹሬት በቀላሉ አይገድሉም፤ ይህ እውነተኛ እመርታ ነው። ሌላው ጉዳት ግን ዘግይቶ ታየ። ለወራት የወሰዳቸው ሰው በድንገት ሲያቆም እንቅልፉ ከበፊቱ ብሶ ይጠፋል፣ ይጨነቃል፣ አንዳንዴም ሰውነቱ ይንዘፈዘፋል። ረጅም ጊዜ ሰውነት ውስጥ የሚቆዩት አረጋውያንን እያንገዳገዱ ለዳሌ ስብራት እንደሚያጋልጡ በ1987 የወጣ ጥናት አሳየ። ቶሎ ከሰውነት የሚወጣው ሃልሲዮን ለዚህ ረጅም ቆይታ መልስ ሆኖ ቀርቦ የነበረ ቢሆንም የመርሳትና የባሕርይ መለወጥ አቤቱታ በዝቶበት ብሪታንያ በ1991 ከገበያ አወጣችው።

በቀጣዩ ዓመት መጨረሻ ዞልፒደም፣ በገበያ ስሙ አምቢየን፣ አሜሪካ ውስጥ ተፈቀደ። ቶሎ ያስተኛል፣ ቶሎ ይወጣል፣ ጥገኝነቱም ቀላል ነው ተባለ። ሰዎች ግን ተኝተው ሳለ እየተነሡ ያበስሉ፣ ይበሉ፣ መኪና ይነዱ ጀመር፤ ሲነጋ አያስታውሱትም። በ2007 የአሜሪካ ተቆጣጣሪ መሥሪያ ቤት ይህ በማስጠንቀቂያው እንዲጻፍ አዘዘ። በጥር 2013 ደግሞ ለሴቶች የሚመከረው የመጀመሪያ መጠን ከ10 ሚሊግራም ወደ 5 እንዲወርድ አደረገ፤ ምክንያቱም 10 ሚሊግራም ከወሰዱ ከ8 ሰዓት ገደማ በኋላ፣ ማለትም ወደ ሥራ በሚነዱበት ሰዓት፣ 15 በመቶ ያህሉ ሴቶችና 3 በመቶ ያህሉ ወንዶች ደም ውስጥ መኪና ለመንዳት የሚያሰጋ መጠን ይገኝ ነበር። የሴቶች ሰውነት መድኃኒቱን ቀስ ብሎ ነው የሚያስወግደው። ሴቶች ለ20 ዓመት የወንዶቹን መጠን ሲውጡ ኖረዋል። ይህ ለእኔ በታሪኩ ውስጥ ከታሊዶማይድ ቀጥሎ የሚያሳዝነው ክፍል ነው፤ ለማወቅ የሚያስፈልገው የማለዳ ደም መለካትና ሴትና ወንድን ለይቶ ማየት ብቻ ነበርና። በሚያዝያ 2019 መሥሪያ ቤቱ ለዞልፒደምና ለሁለት ዘመዶቹ ከሁሉ የከበደውን፣ በሳጥን ውስጥ የሚታተመውን ማስጠንቀቂያ ጨመረ። መነሻው በ26 ዓመት ውስጥ የተሰበሰቡ 66 ከባድ አጋጣሚዎች ነበሩ፤ 20ዎቹ በሞት ያበቁ። አንዳንዶቹ የደረሱት በአነስተኛው መጠን፣ ገና በመጀመሪያው እንክብል ነው።

በሚሊዮን የሚቆጠር ሰው በወሰደው መድኃኒት 66 ምን ቁጥር ነው የሚል ይኖራል። ጥያቄው ተገቢ ነው፤ አደጋው ለአንድ ሰው ሲታይ ጥቂት መሆኑም እውነት ነው። ነገር ግን ይህ ቁጥር በአብዛኛው የተገኘው ሰው በፈቃዱ ከሚያቀርበው ሪፖርት ነው፤ ብቻውን የሚተኛ፣ ያደረገውንም የማያስታውስ ሰው ምን ብሎ ያስመዘግባል? ስለዚህ 66 የሚነግረን ዝቅተኛውን ወሰን እንጂ ጠቅላላውን አይደለም። ታሪኩ የመሻሻል ታሪክ እንጂ የጥፋት አይደለም የሚለው ክርክር ደግሞ ይበልጥ ይከብዳል፤ በግማሹም እስማማለሁ። ነገሩ ከድጡ ወደ ማጡ የተጓዘ አይደለም። የዛሬው እንክብል ከክሎራል ጋር አይወዳደርም። ሆኖም መሻሻሉን ያመጡት «ይሻላል» በሚለው ያልረኩት፣ ደብዳቤ ያነበቡት፣ እናቶችን የጠየቁት፣ የጠዋት ደም የለኩት ናቸው። እንቅልፍ ማጣት ራሱ ሰው ይጎዳል የሚለውም ትክክል ነው፤ ይህ ግን መታከም ያስፈልጋል ማለት እንጂ በእንክብል ይጀመር ማለት አይደለም። የአሜሪካ የውስጥ ደዌ ሐኪሞች ኮሌጅ በ2016 ባወጣው መመሪያ ሥር ለሰደደ እንቅልፍ ማጣት በመጀመሪያ የሚመከረው የመኝታ ልማድንና ሐሳብን የሚያስተካክለው የንግግር ሕክምና ነው፤ መድኃኒት ካስፈለገም ጥቅምና ጉዳቱ ከታካሚው ጋር ተመክሮበት ለአጭር ጊዜ እንዲሆን ነው የተባለው።

እንግዲህ አንባቢዬ፣ የእንቅልፍ መድኃኒት ሲታዘዝልህ ወይም ሲታዘዝልሽ ስለ ሌሊቱ ብቻ አትጠይቁ። ጠዋት መንዳት ይቻል እንደሆነ፣ ከሌላ መድኃኒትና ከአልኮል ጋር ምን እንደሚያደርግ፣ እርግዝና ካለ ወይም ከታሰበ ምን እንደሚሆን፣ መቼና እንዴት እንደሚቆም ጠይቁ። ሳታውቁት ከአልጋ ተነሥታችሁ አንድ ነገር እንዳደረጋችሁ ከተነገራችሁ ሁለተኛ ሌሊት አትሞክሩት፤ ለሐኪማችሁ ንገሩ። ለወራት የወሰዳችሁ ደግሞ ይህን አንብባችሁ ዛሬ ማታ በድንገት እንዳታቆሙ፤ መጠኑ ቀስ በቀስ የሚቀነሰው በሐኪም ክትትል ነው።