የእጅ ናፍጣ ማቋረጫ

የእጅ ናፍጣ ማቋረጫ የናፍጣ መኪና በቁልፍ አልጠፋ ሲል ሹፌሩ ጋቢና ውስጥ ተቀምጦ ወደ ሞተሩ የሚሄደውን ነዳጅ በእጁ የሚቆርጥበት መሣሪያ ነው። ከአንድ ካቦ፣ ከአንድ እጀታና ከአንድ ሞላ አይዘልም። በቀድሞ የጭነት መኪኖች ላይ ከፋብሪካ ተገጥሞ ይመጣ ነበር። ማጥፊያው ወደ ኤሌክትሪክ ከተዛወረ ወዲህ ግን ባብዛኛው የሚሠራው ጋራዥ ውስጥ፣ ያውም የተበላሸውን ኤሌክትሪክ ለመተካት ነው።

የቤንዚን ሞተር የሚነደው በካንዴላ ብልጭታ ስለሆነ ቁልፉ ሲዞር ብልጭታው ይቋረጥና ሞተሩ ይጠፋል። ሩዶልፍ ዲዝል እ.ኤ.አ. በ1897 በጀርመን አውግስቡርግ ከተማ በተሳካ ሁኔታ ያስነሣው ሞተር ግን ካንዴላ የለውም። አየሩ በሲሊንደሩ ውስጥ በኃይል ሲታመቅ ከ500 ዲግሪ ሴልሺየስ በላይ ይግላል፤ የተረጨው ናፍጣም በዚያ ግለት ብቻ ይቀጣጠላል። በሜካኒካል ፖምፓ የሚሠራ የናፍጣ ሞተር አንዴ ከተነሣ ለማቀጣጠል ኤሌክትሪክ አይፈልግም። በአግባቡ የሚጠፋው ናፍጣውን በመከልከል ወይም አየሩን በማፈን ነው።

ናፍጣው የሚከለከልበት ቦታ እንደ ፖምፓው ዓይነት ይለያያል። ቦሽ እ.ኤ.አ. በ1927 በብዛት ማምረት በጀመረው የረድፍ ፖምፓ እያንዳንዱ ሲሊንደር የራሱ ገፊ ዘንግ አለው። ገፊዎቹን ሁሉ ባንድ ጊዜ የሚያሽከረክር ጥርሳም ዘንግ የናፍጣውን መጠን ይወስናል፤ ይህ ዘንግ እስከ ዳር ሲገፋ መጠኑ ዜሮ ይሆናል። ከፖምፓው ጎን የወጣችው ትንሽ የማጥፊያ ክንድ ዘንጉን ወደዚያ ዳር የምትወስድ ናት። እ.ኤ.አ. ከ1970ዎቹ አጋማሽ ጀምሮ በትናንሽ መኪኖች ላይ የተስፋፋው አከፋፋይ ፖምፓ ደግሞ ለሁሉም ሲሊንደሮች አንድ ገፊ ብቻ አለው። ናፍጣ የሚገባበትን ቀዳዳ የሚጠብቀው ሶሌኖይድ ነው፦ ኤሌክትሪክ ሲደርሰው ይከፍታል፣ ሲቋረጥበት ሞላው ይዘጋዋል።

በሁለቱ መካከል ያሉም አሉ። የቆዩ አይሱዙዎችን የረድፍ ፖምፓ ክንድ የሚስበው በካቦ የተያያዘ ትንሽ የኤሌክትሪክ ሞተር ነው። አንዳንድ የቀድሞ ላንድክሩዘሮችም ተመሳሳይ ዘዴ ነበራቸው። የአየር ፍሬን ባላቸው አንዳንድ ከባድ መኪኖች ላይ ይህንኑ ሥራ የሚሠራው በአየር የሚገፋ ትንሽ ሲሊንደር ነው።

አባይና በሽሎ በሚያዋስኑት በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ በአጅባርና በመካነ ሰላም መስመር፣ የእጅ ማቋረጫ የሚሠራው ዕቃው ከሩቅ ስለሚመጣ ነው። ሶሌኖይድ ወይም የማጥፊያ ሞተር ቢቃጠል መለዋወጫው የሚፈለገው ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ነው። ጤፍ ወይም በግ ጭኖ መንገድ ላይ የቆመ አይሱዙ እስከዚያ አይጠብቅም። አከፋፋይ ፖምፓ ባለው መኪና ላይ የሚደረገው የመንገድ ዳር ጥገና በየትም የታወቀ ነው፦ ሶሌኖይዱ ይፈታል፣ ውስጡ ያለው መዝጊያ ዘንግና ሞላው ይወጣሉ፣ ባዶው ቀፎ ተመልሶ ይጠብቃል። ሞተሩ ይነሣል፤ ቁልፉ ግን ከዚያ በኋላ አያጠፋውም። ሹፌሩም ከፍተኛ ማርሽ አስገብቶ፣ ፍሬን ረግጦ፣ ፍሪሲዮኑን ቀስ ብሎ እየለቀቀ ሞተሩን ያንቀዋል። ለአንድ ቀን ያደርሳል፤ ልማድ ከሆነ ግን የፍሪሲዮኑን ዕድሜ ያሳጥራል፣ የሞተሩን መቀመጫ ጎማዎችም ይሰነጥቃል።

ከዚህ ሁሉ በፊት ሶሌኖይዱ በእርግጥ መሞቱን መፈተሽ ይገባል። ከባትሪው አዎንታዊ ጫፍ ሽቦ ስቦ የሶሌኖይዱን ራስ መንካት በቂ ነው። ‹‹ጧ›› ካለ ደኅና ነው፣ ችግሩ የመጣው ከሽቦው ወይም ከፊውዙ ነው። እንዲህ ከሆነ ትክክለኛው ማቋረጫ ካቦ ሳይሆን በክሩስኮቶው ላይ የሚገጠም ማብሪያ ማጥፊያ ነው፤ መስመሩ የራሱ ፊውዝ ይኑረው። 12 ቮልት ሶሌኖይድ በ24 ቮልት መኪና ላይ መግጠም ፈጥኖ ያቃጥለዋል።

ካቦ የሚያስፈልገው የማጥፊያ ክንድ ላለው ፖምፓ ነው። የብስክሌት ፍሬን ካቦ ለትናንሾቹ ይበቃል፤ ለከባድ መኪና የሞተር ሳይክል ፍሪሲዮን ካቦ ይሻላል። በመጀመሪያ የክንዱ አቅጣጫ በእጅ ይፈተሻል፦ ሞተሩ በሚኒሞ እየሠራ ክንዱ ወደ አንድ ወገን ሲገፋ ሞተሩ ይጠፋል፣ ካቦውም የሚስበው ወደዚያ ወገን ነው። የካቦው ቀፎ ሁለቱም ጫፎች በማይነቃነቅ ብረት ላይ መታሰር አለባቸው። ካልታሰሩ እጀታው ሲሳብ ቀፎው ይንሸራተታል እንጂ ክንዱ አይንቀሳቀስም፤ የአብዛኛው የጋራዥ ሥራ ጉድለትም ይኸው ነው። ካቦው ከማርሚታውና ከጭስ መውጫው ርቆ፣ ሳይሰበር በሰፊ ጥምዝ ይሄዳል። የጋቢናውን ብረት ሰንጥቆ በሚያልፍበት ቀዳዳ ላይ ጎማ ይገባል። ጋቢናው ወደ ፊት የሚገለበጥ ከሆነ ቀፎው ለዚያ የሚሆን ትርፍ ርዝመት ይኑረው፤ አለዚያ በመጀመሪያው የዘይት መቀየሪያ ቀን ይበጠሳል።

ክንዱን ወደ ሥራ ቦታው የሚመልሰው የራሱ ሞላ ነው። ፖምፓው ላይ ያለው ከደከመ ሌላ ይጨመራል። ካቦው ትንሽ ላላ ማለት አለበት፦ እጀታው ሲገባ ክንዱ ያለ ምንም ውጥረት ሙሉ በሙሉ ይመለስ። ግማሽ መንገድ ላይ የቀረ ክንድ ናፍጣውን በከፊል ይቆርጣል፤ ሞተሩ ሳይጠፋ ጉልበቱ ይደክማል። በደጋ ይህ ጉድለት ለመለየት ይከብዳል። በ3000 ሜትር ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ወለል ካለው በ30 በመቶ ገደማ ያነሰ ስለሆነ ተርቦ የሌለው መኪና ዳገት ላይ መድከሙ የታወቀ ነው፣ ሹፌሩም ከፍታውን ይወቅሳል። ለመለየት ጭሱን ማየት ይረዳል፦ ከፍታ ያደከመው ሞተር ሲጫኑት ጥቁር ጭስ ይተፋል፣ ናፍጣ ያነሰው ግን ጭስ የለውም።

ሁለተኛው የቤት ሠራሽ ዓይነት ከሰልባቲዮው በሚወጣው የናፍጣ ጎሚኒ ላይ የሚገባ ሩቢኔት ነው። ቀላልና ርካሽ በመሆኑ ይወደዳል፤ ለዕለት ተዕለት ማጥፊያነት ግን አይሆንም። ሲዘጋ ሞተሩ ወዲያው አይጠፋም፣ በፊልትሮውና በጎሚኒው የቀረውን እስኪጨርስ ይሠራል። ከዚያ አየር ይገባና በማግሥቱ ጠዋት በብርድ በፖምፔታ አየር ማስወጣት ግድ ይሆናል። አከፋፋይ ፖምፓ ደግሞ የሚለሰልሰው በናፍጣው በራሱ ነው፤ ደርቆ በዞረ ቁጥር ውስጡ ይፋጫል። የሩቢኔት ቦታው ሌላ ነው፦ ከሌባ ለመከላከል፣ ፊልትሮ ሲቀየር፣ ወይም ከግጭት በኋላ ናፍጣው እንዳይፈስ። የሌባ መከላከያ ከሆነ ተደብቆ ይገጠማል፤ ሞተሩን ከማስነሣት በፊት መከፈቱን ማረጋገጥ ግን የሹፌሩ ዕዳ ነው።

ወደ ወሎ ደጋ ስንመለስ፣ አገሩ ቁልቁለት ነው። ከመካነ ሰላም ወደ ጉንደወይን የሚወስደው መንገድ አባይን ለመሻገር ከ1000 ሜትር በላይ ይወርዳል። የአፄ ቴዎድሮስ ትልቅ መድፍ ሴባስቶፖል እንኳ መቅደላ የደረሰው ንጉሡ በበሽሎ ሸለቆ መንገድ ካስቆፈሩለት በኋላ ነበር። በዚህ ዓይነት መንገድ ናፍጣ ለመቆጠብ እጀታውን መሳብ አደጋ ነው። ማርሽ ገብቶ እግር ከፔዳሉ ሲነሣ የፖምፓው ተቆጣጣሪ ናፍጣውን በራሱ ስለሚቆርጥ ትርፍ የለውም። ማርሽ ሳይገባ ሞተሩ ከጠፋ ደግሞ መሪው ይከብዳል፣ የአየር ፍሬኑ ጋን መሞላቱን ያቆማል፣ በቫኪዩም የሚታገዝ ፍሬንም ከጥቂት ርግጫ በኋላ ይደርቃል። ስለዚህ እጀታው ከእጅ ፍሬኑና ከመብራት ማብሪያው ራቅ ብሎ፣ በስሕተት በማይሳብበት ቦታ ይገጠማል። ተርቦ ያለው ሞተር ዳገት ወጥቶ ሲቆም ከመሳቡ በፊት አንድ ሁለት ደቂቃ በሚኒሞ ይተዋል።

የናፍጣ ማቋረጫ የማያቆመው ሞተርም አለ። የተርቦው ማሸጊያ ሲያልቅ የሞተሩ ዘይት ከአየሩ ጋር ወደ ሲሊንደር ይገባና እንደ ነዳጅ ይነዳል፤ ሞተሩም ፍጥነቱን ያለ ልክ ይጨምራል። ያኔ እጀታውም ቁልፉም አይሠሩም። የሚሠራው የአየር መግቢያውን በጠንካራ ጣውላ ወይም በብረት ሳህን መድፈን ነው። በእጅ ወይም በጨርቅ መሞከር አይገባም፣ የሚስበው ኃይል ብርቱ ነው።

እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ በመጡት ኮመን ሬይል ሞተሮች ላይ የእጅ ማቋረጫ አይገጠምም። ርጭቱን የሚያዝዘው ኮምፒውተር ነው፤ ትእዛዙ ሲቋረጥ ኢንጀክተሮቹ ይዘጋሉ። በእነዚህ ላይ የናፍጣ መስመር መዝጋት ከ1000 ባር በላይ የሚያመነጨውን ፖምፓ በደረቁ ያሽከረክረዋል፤ ከፖምፓው የተፋቀው የብረት ብናኝም ወደ ኢንጀክተሮቹ ይገባል።