የመስመሩ መጀመሪያ የት ሄደ?



ፊደል ለይታችኋል። መጽሐፉን ትገልጣላችሁ፤ ጣታችሁን በመስመሩ ላይ ታሳርፋላችሁ፤ ፊደሎቹን አንድ በአንድ እየጠራችሁ ትሄዳላችሁ። መጨረሻው ላይ ደርሳችሁ «ምን ይላል?» ስትባሉ ግን መጀመሪያው ጠፍቷል። እንደገና ከራስ ትጀምራላችሁ። ያውም ጠፋ። ስንቱ ጎልማሳ እዚህ ላይ ሲደርስ ነው ደብተሩን አጥፎ «የኔስ ጭንቅላት አርጅቷል፤ ይሄ የልጅ ነገር ነው» ብሎ የሚቀረው! በዚህ ምክንያት ከትምህርቱ የቀረ ሰው ሳያጠፋ በራሱ ላይ ፈርዷል። የመስመሩ መጀመሪያ የሚጠፋው በሱ ብቻ አይደለማ። ነገሩን ሊቃውንት ከ100 ዓመት በላይ ሲመረምሩት ኖረዋል። ዛሬ የማወራችሁ የዚያን ምርመራ ታሪክ ነው። ዓመቶቹን ሁሉ የምጠራው በአውሮፓውያን አቆጣጠር መሆኑን ያዙልኝ።

ታሪኩ የሚጀምረው በጀርመን አገር ነው። ሄርማን ኤቢንግሃውስ የሚባል ምሁር፣ ሰው ምን ያህል እንደሚያስታውስና ምን ያህል እንደሚረሳ በቁጥር ለመለካት ተነሣ። ከሱ በፊት ስለ ማስታወስ የጻፉ ፈላስፎች ሞልተዋል፤ እንደ እህል ሰፍሮ የለካው ግን አልነበረም። የተመረመረው ሰው ደግሞ ሌላ አይደለም፤ ራሱ መርማሪው ነው። «ዜክ»፣ «ጉፕ» እንደሚሉት ያሉ ትርጉም የሌላቸው ድምፆች ወደ 2,300 ያህል አዘጋጀ። ለምን ትርጉም የሌላቸው? ትርጉም ያለው ቃል አስቀድሞ በልባችን ውስጥ ዘመድ አለው፤ ያ ዘመዱ ያግዘዋል። ኤቢንግሃውስ የፈለገው ዘመድ የሌለውን ቃል ነው። እየደረደረ፣ በሰዓት እየለካ፣ ደጋግሞ እያነበነበ ያጠናቸው ነበር። እንዴት ያለ አሰልቺ ሥራ እንደሆነ አስቡት! ውጤቱን በ1885 በመጽሐፍ አወጣው።

ድምፆቹ 7 ከሆኑ አንዴ ብቻ አንብቦ ያለ ስሕተት ይደግማቸዋል። 12 ሲሆኑ ግን 17 ጊዜ ያህል ማንበብ ነበረበት። 24 ሲሆኑ 44 ጊዜ። እንግዲህ ልብ በሉ። ከ7 ወደ 12 ለመድረስ የተጨመሩት 5 ድምፆች ብቻ ናቸው፤ ድካሙ ግን ከ1 ተነሥቶ 17 ደረሰ። እፍኝ እንደ ማለት ነው። እፍኛችሁ የሚችለውን እህል በአንዴ ትዘግናላችሁ፤ ከዚያ በላይ ያለው በጣታችሁ መካከል ይፈስሳል። ለዘለቄታው የምናስቀምጥበት ሌላ ቦታ አለ፤ እሱን ጎተራ እንበለው። ጎተራው ሰፊ ነው፤ የልጅነታችሁ ወሬ፣ የዘመዶቻችሁ ስም፣ የአገሩ መንገድ ሁሉ እዚያ አለ። ነገር ግን አዲስ ነገር ወደ ጎተራው የሚገባው በእፍኝ እየተዘገነ ነው።

ስለ ጎተራውም ያገኘው ነገር አለ። ባይረን የተባለውን የእንግሊዝ ባለቅኔ ግጥም ሲያጠና፣ 80 ድምፅ ያለውን አንድ አንቀጽ 9 ጊዜ ሳይሞላ በቃሉ ይዞታል። ትርጉም ድካሙን ወደ አንድ አሥረኛ አወረደለት ማለት ነው። ደግሞም 12ቱን ባዶ ድምፆች በአንድ ቀን 68 ጊዜ መደጋገምና በ3 ቀን ተከፋፍሎ 38 ጊዜ መደጋገም ውጤታቸው እኩል ሆኖ አገኘው። 30 ጊዜ ከመድከም ያዳነው በመካከሉ ማረፉ ነው። እሑድን ሙሉ ቁጭ ብሎ ከማጥናት በየማታው ጥቂት ጥቂት ማጥናት ይሻላል ብለው አስተማሪዎች ሲመክሯችሁ እንዲሁ በግምት አይደለም።

አሁን ወደ አሜሪካ እንሻገር፤ ኢንዲያና ወደሚባለው ግዛት። ጊዜው መልእክት በቴሌግራፍ ሽቦ የሚላክበት ዘመን ነው። በሽቦው ውስጥ የሚያልፈው ቃል ሳይሆን ምት ነው፤ አጭር ምት፣ ረጅም ምት። የተወሰኑ ምቶች ሲገጣጠሙ አንድ ፊደል ይሆናሉ። ዊልያም ብራያንና ኖብል ሃርተር የተባሉ ሁለት ሰዎች ይህን ሥራ የሚማሩትን ሰዎች ተከታትለው በ1897ና በ1899 የጻፉትን ሳነብ፣ የጻፉት ስለ እናንተ ነው የመሰለኝ።

ጀማሪው ምት በምት ያዳምጣል። ምቶቹን ሰብስቦ «ይህ እንዲህ ያለው ፊደል ነው» እስኪል ድረስ ሌላው ምት ያመልጠዋል። ይጨነቃል፤ ያልበዋል። ከጊዜ በኋላ ምቱን መስማት ትቶ ፊደሉን ይሰማል። ቀጥሎ ቃሉን። የበሰለው ሠራተኛማ ሰው እንደሚያናግረው ሆኖ ነው የሚሰማው፤ የሚጻፈውን ከሚሰማው ጥቂት ቃላት ወደ ኋላ አስቀርቶ እየጻፈ፣ ጆሮው ወደፊት ይሄዳል።

ሁለቱ ሰዎች የተማሪዎቹን ዕድገት በየሳምንቱ በመስመር ሲሥሉት አንድ የሚያስገርም ነገር አዩ። መስመሩ እንደ አቀበት ይወጣና ሜዳ ላይ ይደርሳል። ተማሪው በየቀኑ ይለማመዳል፤ ለሳምንታት ግን አንድ ስንዝር አይጨምርም። ከዚያ ድንገት እንደገና አቀበቱን ይወጣል። የነሱ ማብራሪያ እንዲህ ነው። በሜዳው ጊዜ ሰውየው እየተማረ ነው፤ ፊደሎቹ ያለ ሐሳብ የሚመጡ እስኪሆኑ ድረስ ከውስጥ እየጠነከሩ ነው። እነሱ ሲጠነክሩ ቃሉ በአንዴ ይነሣል። በእርግጥ በ1958 ፍሬድ ኬለር የተባለ ሌላ አሜሪካዊ ምሁር፣ ይህ ሜዳ ሁሉም ተማሪ የግድ የሚያልፍበት አይደለም ብሎ ተከራክሯል፤ ክርክሩም ሚዛን የሚደፋ ነው። እኔ ግን ፊደል ሲቆጥር የከረመ ተማሪ አንድ ቀን ሳያስበው ቃሉን በሙሉ ሲጠራው ባየሁ ቁጥር፣ እነዚያ የቴሌግራፍ ተማሪዎች ትዝ ይሉኛል።

ከ50 ዓመት በላይ አልፎ፣ በ1956 ጆርጅ ሚለር የሚባል አሜሪካዊ የሥነ ልቡና ምሁር አንድ ዝነኛ ጽሑፍ አወጣ። ቁጥር ቢሆን፣ ፊደል ቢሆን፣ ቃል ቢሆን፣ ሰው በአንዴ የሚይዘው 7 ያህል ነው፤ ቢበዛ 2 ይጨምራል፣ ቢያንስ 2 ይጎድለዋል አለ። ይኸው የኤቢንግሃውስ 7 ተመልሶ መጣ። ግን የምን 7? ቁም ነገሩ እዚህ ላይ ነው። ሚለር ያንኑ የቴሌግራፍ ነገር አንሥቶ፣ ለጀማሪው ምቱ አንድ ነው፣ ለጎበዙ ቃሉ አንድ ነው ሲል አስረዳ። በእኛ አነጋገር፣ 7 ዛላ ስንዴ ያለውና 7 ነዶ ስንዴ ያለው ሁለቱም ሲቆጠር 7 ነው፤ እህሉ ግን አይገናኝም።

እስቲ በአንድ ዓረፍተ ነገር እንየው። «ገበሬው ማሳውን አርሶ ዘራ።» ፊደሎቹን ቁጠሯቸው፤ 13 ናቸው። ፊደል በፊደል ለሚሄድ ሰው 13 ዛላ መሆኑ ነው፤ እፍኙ አይችለውም። ቃሉን በአንድ ዓይን ለሚያነሣ ሰው ግን 4 ነዶ ብቻ ነው። ኔልሰን ካዋን የተባለ ተመራማሪ በ2001 ነገሩን እንደገና መርምሮ፣ 7 እንኳ ብዙ ነው፤ ሰው በልቡ ሳይደጋግምና ሳያስር የሚይዘው 4 ገደማ ነው ብሏል። እፍኛችን ከታሰበውም ያነሰ ሆኖ ተገኘ ማለት ነው። 4 ነዶ ግን ይችላል።

ጊዜስ? በ1959 በዚያው በኢንዲያና ሎይድ ፒተርሰንና ማርጋሬት ፒተርሰን ለዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች 3 ፊደል ብቻ ሰጧቸው። ወዲያው አንድ ቁጥር ጠርተው፣ ከዚያ ላይ 3 3 እየቀነሱ ወደ ኋላ እንዲቆጥሩ አዘዟቸው። 18 ሰከንድ ሲሆን፣ 3ቱን ፊደል በትክክል የሚያስታውሱት ከስንት አንዴ ሆነ። ልብ አድርጉ፤ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ናቸው! ልባቸው በሌላ ሥራ ስለተያዘ ብቻ ነው የጠፋባቸው። አሁን ወደ እናንተ መስመር እንመለስ። አንድ ፊደል ለመለየት 2 ሰከንድ ቢፈጅባችሁ 13ቱ 26 ሰከንድ ይወስዳሉ። «ዘራ» ላይ ስትደርሱ «ገበሬው» የት እንደሄደ አሁን ይገባችኋል።

እስካሁን እፍኝ እያልን መጣን። በ1974 አለን ባድሌና ግሬአም ሂች የተባሉ እንግሊዛውያን ግን ይህን አስተሳሰብ አሻሻሉት። ሰዎች ቁጥሮችን በልባቸው ይዘው፣ በዚያው ጊዜ ስለ ሌላ ነገር «እውነት ነው» ወይም «ሐሰት ነው» እያሉ እንዲፈርዱ አደረጓቸው። ሰዎቹ ዘገዩ፤ ፍርዳቸው ግን ብዙ አልተበላሸም። እንግዲያው ይህ ቦታ እህል ይዞ የሚቆም እፍኝ ብቻ አይደለም፤ ከሰፌድ ጋር ይመሳሰላል። ሰፌድ እህሉን ይይዛል፤ በዚያው ላይ ደግሞ ይበጠራል፣ ይለቀማል። መያዙና ሥራው በአንድ ላይ ነው። ስለዚህ «የሥራ ትውስታ» የሚለው ስም በነሱ ጽሑፍ ጸና። በሥራ ትውስታ ውስጥ ድምፅን የሚያቆይ ክፍል፣ ሥዕልን የሚያቆይ ክፍልና ሁለቱን የሚያዝዝ አለቃ አሉ አሉ። ባድሌ በ2000 አራተኛ ክፍል ጨምሮበታል፤ እሱን ለዛሬ እንለፈው።

ስለ ድምፁ ክፍል ግን አንድ ነገር ልጨምር። ባድሌና ባልደረቦቹ በ1975 ሰዎች የአገር ስሞችን እንዲያስታውሱ ጠየቁ። እንደ ቻድ ያሉት አጫጭር ስሞች ቶሎ ተያዙ፤ እንደ ቼኮዝሎቫኪያ ያሉት ረጃጅሞቹ አስቸገሩ። (ይህች አገር በ1993 ለሁለት ተከፍላ ስሟ ቀርቷል።) ሰው የሚይዘው በ2 ሰከንድ ገደማ ሊለው የሚችለውን ያህል ነው ሲሉ ደመደሙ። በልባችን እየደጋገምን ነውና የምናቆየው፣ ምላሳችን በሌላ ቃል ከተያዘ ይጠፋብናል። ስለዚህ ስታነቡ ከንፈራችሁ ቢንቀሳቀስ፣ ብታነበንቡም፣ የሚስቅባችሁ ልጅ ቢኖር ይሳቅ። ድምፃችሁ የመስመሩን መጀመሪያ ይዞላችሁ ነው።

ታዲያ ሰፌዱን ማስፋት አይቻልም? ይህን ጥያቄ በፒትስበርግ ከተማ አንደርስ ኤሪክሰንና ዊልያም ቼዝ ሞከሩት፤ ውጤቱም በ1980 ታተመ። አንድ መካከለኛ ችሎታ ያለው የኮሌጅ ተማሪ አመጡ። ቁጥሮች አንድ በአንድ ይነበቡለታል፤ እሱ ይደግማል። መጀመሪያ 7 ያህል ቁጥር ነበር የሚይዘው፤ እንደማንም ሰው። በሳምንት ከ3 እስከ 5 ቀን፣ በቀን 1 ሰዓት ያህል፣ ለ20 ወር ተለማመደ። በመጨረሻ 79 ቁጥር ሰምቶ በተርታ ደገመ! ምሥጢሩ ምን ነበር? ልጁ ሯጭ ነው። 3492 የሚል ሲሰማ «3 ደቂቃ ከ49 ነጥብ 2 ሰከንድ፤ ለክብረ ወሰን የቀረበ የአንድ ማይል ሩጫ ሰዓት» ይላል። 4 ዛላ የነበረው 1 ነዶ ሆነ። ለነዶው ማሰሪያ የሆነው አስቀድሞ በጎተራው የነበረው የሩጫ ዕውቀት ነው። ከዚህ ሁሉ በኋላ በቁጥር ፋንታ ፊደል ሲጠሩለት ግን ወደ 6 ወረደ። እፍኙ አላደገም ነበር።

ከ2000 ዓመት ወዲህ የሥራ ትውስታን በኮምፒዩተር ጨዋታ እናሰፋለን የሚሉ ተነሥተው ነበር። በ2013 ሞኒካ ሜልቢ ለርቮግና ቻርልስ ሁልም 23 ጥናቶችን አንድ ላይ መርምረው፣ በጨዋታው የሠለጠነ ሰው በዚያው ዓይነት ጨዋታ እንጂ በንባብና በሒሳብ እንዳልተሻሻለ ጽፈዋል። እኔ ለዚህ ዓይነት ጨዋታ ገንዘባችሁን አውጡ አልላችሁም። ንባብ የሚለመደው በማንበብ ነው።

የንባቡን ነገር ዴቪድ ላበርጅና ጄይ ሳሙኤልስ በ1974 በጽሑፍ አስረድተውታል። ሰው ልቡን በአንድ ጊዜ በብዙ ነገር ላይ ማዋል አይችልም፤ ፊደል መለየቱ ልብ የማይጠይቅ ሲሆን ብቻ ነው ልቡ ወደ ትርጉሙ የሚሄደው። የድሮ የፊደል መምህሮቻችንም ይህን ያውቁ ነበር እላለሁ። ሀሁን በዜማ የያዘ ልጅ ቸን ለማግኘት ከሀ ጀምሮ መውረድ ይቀናዋል። ስለዚህ አቡጊዳን ይጨምሩበታል፤ ተራው ይቀየርና ልጁ በዜማው መነዳቱን ትቶ ፊደሉን በመልኩ ይለያል።

ሔለን አባድዚ የተባለች የዓለም ባንክ ባለሙያ በ2003 ይህን ሁሉ ጥናት ሰብስባ ጎልማሶችን ስለ ማስተማር ጽፋለች። ጎልማሶች ፊደል ለይተው ንባብ የሚተዉት ቀስ ብሎ ማንበቡ የሥራ ትውስታቸውን ስለሚጨርስባቸው ነው፤ ስለዚህ ብዙ የንባብ ልምምድ ያስፈልጋቸዋል ስትል ተከራክራለች። ዕድሜ ሰፌዱን ትንሽ እንደሚያጠብበው እውነት ነው፤ አልደብቃችሁም። ጎተራችሁ ግን ከልጅ ጎተራ ጋር አይወዳደርም። «ማሳ» የሚለውን ቃል ስታነቡ ማሳውን ታውቁታላችሁ፤ የከተማ ልጅ ገና ይጠይቃል።

የመጨረሻው ደረጃ ምን እንደሚመስል የሚያሳይ አንድ ሙከራ ልንገራችሁ። በ1935 ጆን ስትሩፕ የሚባል አሜሪካዊ የቀለም ስሞችን በሌላ ቀለም አሳተመ፤ ለምሳሌ «ቀይ» የሚለውን ቃል በአረንጓዴ። ከዚያ ቃሉን ትታችሁ የቀለሙን ዓይነት ብቻ ንገሩኝ አለ። 100 ባለ ቀለም ምልክቶችን በ63 ሰከንድ የሚጠሩ ሰዎች፣ 100 እንደዚህ ያሉ ቃላት ሲሰጧቸው 110 ሰከንድ ፈጀባቸው። ንባብ የለመደ ሰው ቃሉን ላለማንበብ አይችልማ! እናንተም በአረንጓዴ እርሳስ «ቀይ» ብላችሁ ጻፉና ቀለሙ ምን እንደሆነ ቶሎ ለማለት ሞክሩ። ምላሳችሁ ካልተያዘ ገና ናችሁ ማለት ነው፤ ለጊዜው በቤት ውስጥ የሚማር ልጅ ካለ በሱ ሞክሩት።