ዐብዱረሕማን በአንድ ላይ ሲጻፍ



ዐብዱረሕማን ኢብኑ ዐውፍ (ረ.ዐ) በ615 እ.ኤ.አ. ወደ ሐበሻ ከተሰደዱት ሶሐቦች አንዱ ናቸው። የጃሂሊያ ስማቸው ዐብዱ ዐምር ነበር። ቡኻሪ እንደዘገቡት፣ ከሒጅራ በኋላ መካ የቀረ ንብረታቸውን እንዲጠብቅላቸው ከኡመያ ኢብኑ ኸለፍ ጋር ውል ሲጻጻፉ፣ ያ ሙሽሪክ «ረሕማን» የሚባል አላውቅም ብሎ በድሮ ስማቸው አስጻፋቸው።

ዛሬ ማንም አያስገድደንም፤ ስሙን የምንቆርጠው እኛው ነን። ለልደት ምዝገባ «አብዱል ራህማን» ብለን ለያይተን ስንሰጥ «ራህማን» የአባት ስም ሊመስል ይችላል፤ ልጁም የማን ባሪያ እንደሆነ ሳይነገር «አብዱል» ብቻ ሆኖ ይቀራል። «ራህማን» ብሎ መጥራትማ የባሰ ነው፤ ይህ የአላህ ብቻ ስም ነውና! ዐረብኛው ራሱ ሲነበብ ላሟን ከ«ረ» ፊት ስለሚውጣት፣ «ዐብዱረሕማን» ብለን ገጥመን እንጻፈው። በላቲን ፊደልም ጭረት አያድነንም፤ በፓስፖርት ግርጌ ያለው በማሽን የሚነበበው መስመር ጭረትን እንደ ክፍት ቦታ ይቆጥረዋል።