በባዶው ቅጠል ላይ የገባ እጅ፦ የአንድ አሮጌ የእጅ መጫወቻ ፈርምዌር ለታሪክ አጥኚ የሚነግረው



የንግግሬ ርዕስ ሲነበብ ከመካከላችሁ ፈገግ ያላችሁ ነበራችሁ። የጎጃምን የርስትና የጉልት ሰነድ ሲያገላብጥ የኖረ ሰው ስለ ልጆች መጫወቻ ምን ሊናገር ነው ብላችሁ መጠየቃችሁ ተገቢ ነው። እኔ ግን ጉዳዩ ከሙያችን የራቀ ነው ብዬ አላምንም። የማነሣው ጥያቄ አንድ ነው፦ አንድ ዕቃ ከሠሪው እጅ ከወጣ በኋላ ምን ሊያገለግል እንደሚችል የሚወስነው ማን ነው?

ጥያቄው ወደ እኔ የመጣው በአማኑኤል በኩል ነው። እንደምታውቁት አማኑኤል ከደብረ ማርቆስ ወደ ባሕር ዳር በሚወስደው አውራ ጎዳና ላይ የምትገኝ የማቻከል ወረዳ ከተማ ናት። የእህቴ ልጅ እዚያ የሞባይል ጥገና ሱቅ አለው። ዘመድ ከውጭ አገር የላከው የተቆለፈ ስልክ ይከፈትለታል፤ የሞተ ስልክም «ፍላሽ ይደረግለታል»። ከስልኮቹ መካከል አልፎ አልፎ ፒኤስፒ የተባለው የሶኒ ኩባንያ የእጅ መጫወቻ ይገኛል። ልጁ ካሳየኝ በአንደኛው ላይ የመጽሐፍ ማንበቢያ ፕሮግራም ተጭኖበት፣ አንድ የመማሪያ መጽሐፍ በፎቶ ተነሥቶ ገጽ በገጽ ተቀምጦበት ነበር። ሠሪው ለጨዋታ፣ ለሙዚቃና ለፊልም ያዘጋጀው ዕቃ መማሪያ መጽሐፍ ሆኖ ነበር ማለት ነው። ይህ እንዴት ሊሆን ቻለ?

ፈርምዌር የምንለው ዕቃው ሲበራ ከሁሉ በፊት የሚነሣውን፣ የትኛው ፕሮግራም ይግባ የትኛው ይከልከል የሚለውን የሚወስነውን የውስጥ ሶፍትዌር ነው። ፒኤስፒ በጃፓን ለገበያ የቀረበው እ.ኤ.አ. በታኅሣሥ 2004፣ በሰሜን አሜሪካ ደግሞ በመጋቢት 2005 ነበር። በዓለም ዙሪያ ከ70 ሚሊዮን በላይ ተሽጧል። የመጀመሪያው የ1.00 ሥሪት ፈርምዌር የኩባንያው ዲጂታል ፊርማ የሌለውን ፕሮግራም ሳይከለክል ያስኬድ ነበር። በኋላ በወጡት ሥሪቶች ኩባንያው በሩን ዘጋ። ሰዎቹም ሌላ ቀዳዳ ፈለጉ። በ1.50 ሥሪት ላይ ሁለት የሚሞሪ ካርዶችን በቅጽበት በመለዋወጥ፣ በ2.00 ሥሪት ላይ ደግሞ ሆን ተብሎ በተበላሸ የሥዕል ፋይል አማካይነት ማለፊያ ተገኘ። ኩባንያው አንዱን ሲደፍን ሌላው ይከፈት ነበር። እ.ኤ.አ. በ2006 ዳርክ አሌክስ በሚል ስም የሚታወቅ ፕሮግራመር የኩባንያውን ፈርምዌር መሠረት አድርጎ ያሻሻለውን ሥሪት ማሰራጨት ጀመረ። ካስተም ፈርምዌር የሚባለው ይህ ነው፤ የሠሪውን ሥራ ሳያጠፋ በላዩ ላይ የራሱን ይጨምራል።

ለታሪክ አጥኚ ይበልጥ ትርጉም ያለው ግን እ.ኤ.አ. በ2007 ይፋ የሆነው የባትሪው ጉዳይ ነው። በፒኤስፒ ባትሪ ውስጥ የመለያ ቁጥር የያዘች ትንሽ ቺፕ አለች። ቁጥሩ ለጥገና ባለሙያዎች ወደ ተመደበው ልዩ ቁጥር ሲለወጥ፣ ዕቃው ሲበራ የራሱን ማኅደር ትቶ ከሚሞሪ ካርዱ ላይ ይነሣል። ስለዚህ ፈርምዌሩ ተበላሽቶ የሞተ ፒኤስፒ እንደገና ሊነሣ ቻለ። ልብ በሉ፤ ይህን በር የሠራው ራሱ ኩባንያው ነው። ቁልፉ ለጠጋኞቹ ብቻ የታሰበ ነበር፤ ተጠቃሚው ደረሰበት እንጂ አልፈጠረውም።

አሁን ወደ ራሳችን ቤት እንመለስ። በዚህ አገር ታሪክ የሚያጠና ሰው እንጀራው የተጋገረው በብራና መጻሕፍት ባዶ ቅጠሎች ላይ ነው። የወንጌል መጽሐፍ የተጻፈው ለቅዳሴና ለንባብ ነው። ይሁን እንጂ በመጽሐፉ መጀመሪያና መጨረሻ በተተዉት ባዶ ቅጠሎችና በኅዳጉ ላይ የጉልት ስጦታ፣ የርስት ሽያጭ፣ የስምምነት ቃል፣ የምስክሮች ስም ሲጻፍ ኖሯል። የመጀመሪያው ጸሐፊ ያላሰበውን ሥራ መጽሐፉ ሲሠራ ዘመናትን አሳለፈ። ያ በኋላ የገባ እጅ ባይኖር ኖሮ፣ የጎጃምን የመሬት ይዞታ ታሪክ ለመጻፍ የምንደገፍበት ምርኩዝ እጅግ ያንስ ነበር።

መጽሐፉ ጥበቃ አልነበረውም ማለት ግን አይደለም። ብዙዎቹ የብራና መጻሕፍት ውግዘት አላቸው፤ የሰረቀውንና የፋቀውን ያወግዛሉ። ባዶው ቅጠል ላይ የጨመረውን ግን አያወግዙም። አባቶች በመስረቅ፣ በመፋቅና በመጨመር መካከል ያለውን ልዩነት ያውቁ ነበር። የዛሬው የኤሌክትሮኒክስ ቁልፍ ግን ይህን ልዩነት አያውቅም። የሌላውን ድካም ሰርቆ ሊጫወት የመጣውንና የገዛ ዕቃው መጽሐፍ እንዲያነብለት የሚሻውን በአንድ ቁልፍ ይዘጋባቸዋል። የዛሬው ንግግሬ ፍሬ ሐሳብ ይህ ነው።

እኛ ኢትዮጵያውያን ይህን ጉዳይ ከሌሎች ይልቅ በቅርብ የምናውቅበት ምክንያት አለን። ወደ አገራችን የገባ የጽሕፈት መሣሪያ ሁሉ ማለት ይቻላል ፊደላችንን ሳያውቅ ነው የገባው። 33ቱ ፊደላት በሰባት በሰባት ሲረቡ 231 ይሆናሉ፤ የጽሕፈት መኪናው ቁልፎች ግን ከሃምሳ አይበልጡም። በስማቸው የሚታወቀውን የአማርኛ የጽሕፈት መኪና የሠሩት ኢንጂነር አያና ብሩ የተጋፈጡት ይህን ነው። መፍትሔው የፊደሉን አካልና የድምፁን ምልክት ለያይቶ፣ በወረቀቱ ላይ ማገናኘት ሆነ። በኮምፒውተርም ታሪኩ ተደገመ። እ.ኤ.አ. በ1980ዎቹ ፍስሐ አጥላው በአሜሪካ የግዕዝ ፊደል መጻፊያ ሶፍትዌር ሲያዘጋጁ፣ ማሽኑ የማያውቀውን እንዲያውቅ ማስገደድ ነበረባቸው። ፊደላችን በዩኒኮድ ዓለም አቀፍ መለኪያ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 ነው።

ከዚያ በኋላም ቢሆን ነገሩ አላበቃም። የመጀመሪያዎቹን የአንድሮይድ ስልኮች የያዛችሁ ታስታውሳላችሁ፤ የአማርኛ መልእክት ሲደርስ የሚታየው የባዶ ሳጥኖች ሰልፍ ነበር። የፊደሉ ፋይል መቀመጥ ያለበት ተጠቃሚው እንዳይነካው በተቆለፈው የስልኩ ክፍል ውስጥ ስለነበር፣ በገዛ ቋንቋው ለማንበብ የፈለገ ሰው መጀመሪያ ቁልፉን መስበር ነበረበት። በጥገና ሱቆች «ሩት ማድረግ» የሚባለው ይኸው ነው። በእንግሊዝኛ ለሚያነብ ሰው ስልክን ሩት ማድረግ የትርፍ ጊዜ ጨዋታ ሊሆን ይችላል። ለእኛ ግን በአንድ ወቅት የማንበብ ጉዳይ ነበር።

ሌላው ምሳሌ በአገራችን ምድር ተፈጽሞ የውጭውን ዓለም ያስደነቀው ነው። ለእያንዳንዱ ልጅ አንድ ላፕቶፕ በሚል ስያሜ የሚታወቀው ድርጅት እ.ኤ.አ. በ2012 በኦሮሚያ ክልል በወንጪና በወለንጪቲ አካባቢ ትምህርት ቤት ለሌላቸው መንደሮች ልጆች የሞቶሮላ ታብሌቶችን፣ በፀሐይ ኃይል ከሚሠራ መሙያ ጋር ሰጠ። የድርጅቱ መሥራች ኒኮላስ ኔግሮፖንቴ በዚያው ዓመት እንደተናገሩት፣ ልጆቹ ያለ አስተማሪ በደቂቃዎች ውስጥ ታብሌቱን አበሩት፤ በወራት ውስጥ ደግሞ ተዘግቶ የነበረውን ካሜራ ከፈቱ፣ እንዳይለወጥ የተደረገውንም የገጽ ገጽታ ለወጡ። ወሬው ልጆቹ «አንድሮይድን ሰበሩ» ተብሎ ዓለምን ዞረ።

ተማሪዎቼ፣ እዚህ ላይ የታሪክ አጥኚ ዓይናችሁን ግለጡ። የዚህ ታሪክ ዋና ተናጋሪ ፕሮጀክቱን የመሩት ሰዎች ናቸው፤ ፕሮጀክታቸው እንዲሳካ የሚሹ ምስክሮች ናቸው ማለት ነው። ዓለምን በዞረው ወሬ ውስጥ የልጆቹ ቃል የለም። ካሜራው ለምን እንዲከፈት ፈለጉ? ማንን ፎቶ ሊያነሡ? ማን ማንን አስተማረ? የልጆቹ እጅ በመሣሪያው ላይ ገብቷል፤ በታሪኩ ላይ ግን አልገባም። የአማኑኤሉ ጠጋኝና በየከተማው ያሉት ባልደረቦቹም እንዲሁ ናቸው። የሠሩት ሥራ በሺህ ስልኮች ውስጥ አለ፤ በአንድም መዝገብ ላይ አልሰፈረም።

የሕጉን ነገር ሳላነሣ ባልፍ አድልቼ እንደተናገርሁ ይቆጠርብኛል። ካስተም ፈርምዌር ከጫኑት መካከል ብዙዎቹ ዓላማቸው ጨዋታ ሳይከፍሉ መጫወት ነበር፤ ይህን ማስተባበል አይቻልም። የአገራችን የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996 የኮምፒውተር ፕሮግራምን እንደ ማንኛውም የአእምሮ ሥራ ይጠብቃል። ያው አዋጅ ግን በሕጋዊ መንገድ ቅጂ የያዘ ሰው ለመጠባበቂያ የሚሆን ቅጂ እንዲያዘጋጅ ይፈቅዳል። ሕጉ፣ እንደ ጥንቱ ውግዘት፣ ሰራቂንና ጠባቂን ለመለየት ይሞክራል።

መለየቱ የሚያስፈልግበትን ምክንያት በቅርቡ አይተናል። ሶኒ እ.ኤ.አ. በ2021 የፒኤስፒን፣ የቪታንና የፕሌይስቴሽን 3ን የሽያጭ መደብሮች እንደሚዘጋ አስታወቀ። ተጠቃሚዎች ሲቃወሙ የኋለኞቹን ሁለቱን ተወ፤ የፒኤስፒውን ግን በዚያው ዓመት በሐምሌ ወር ዘጋ። በመደብሩ ይሸጡ የነበሩትን ሥራዎች በሕይወት በማቆየት ረገድ ቁልፉን የከፈቱት ሰዎችም ድርሻ አላቸው። ሠሪው ትቶት የሄደውን የሚጠብቅ የቀረው ተጠቃሚው ነው።

ከዚህ ተነሥቼ ሁለት ነገር አሳስባለሁ። የመጀመሪያው ለትምህርት ክፍላችን ነው። የመመረቂያ ጽሑፍ ርዕስ የምትፈልጉ ተማሪዎች ከአማኑኤል፣ ከደምበጫ፣ ከደብረ ማርቆስ የጥገና ሱቆችና የጌም ቤቶች ባለቤቶች ጋር ተቀምጣችሁ የቃል ታሪካቸውን መዝግቡ። ማን አስተማራቸው? መጀመሪያ የከፈቱት ዕቃ ምን ነበር? ሰው ምን ጠየቃቸው? ከሃያ ዓመት በኋላ ይህን የሚነግረን አይኖርም። ሁለተኛው ለቤተ መጻሕፍትና ለቤተ መዘክር ሰዎች ነው። አሮጌ ስልክና መጫወቻ ስትጥሉ፣ ውስጡ ያለውን ሳታዩ አትጣሉ። የመጀመሪያዎቹ የአማርኛ አጭር መልእክቶች፣ በራሳችን ሰዎች የተሠሩት የፊደል ፋይሎች፣ በፎቶ የተገለበጡት መማሪያዎች እዚያ ናቸው።

አንድ መጽሐፍ ባዶ ቅጠል ካልተተወለት የሚነግረን የጸሐፊውን ብቻ ነው። ባዶ ቅጠል ከተተወለት ግን ይዘውት የኖሩትንም ሰዎች ይነግረናል። የዘመናችን መሣሪያዎች ባዶ ቅጠል እየተነፈጋቸው ነው። የሚጽፍ እጅ ግን አልጠፋም፤ የእኛ ድርሻ ያንን እጅ ማንበብ ነው።