ዘርና አስተዳደግ፤ ስለ ሦስቱ የመቅደላ ልጆች

በአገራችን ስለ ሰው ጠባይ የሚነገሩ ሁለት ዓይነት ተረቶች አሉ። አንደኛው «ዘር ከልጓም ይስባል» ይላል። ሁለተኛው ከአህያ ጋር ስለ ዋለችው ጊደር የሚነገረው ነው፤ ፍጻሜውን ሁሉም ስለሚያውቀው፣ ወላጆችና መምህራን በሚያነቡት በዚህ የበዓል መጽሔት ላይ ሙሉውን ከመጻፍ እቈጠባለሁ። ሁለቱ ተረቶች እርስ በርሳቸው ይጣላሉ። የመጀመሪያው ሰው ሁሉን ከአባቱና ከእናቱ ይወርሳል ሲል፣ ሁለተኛው ከዋለበትና ካደገበት ያገኘዋል ይላል። ያም ሆኖ አንድ ሽማግሌ ጠዋት አንዱን፣ ማታ ሌላውን ተናግሮ በሁለቱም ጊዜ ይመሰገናል።

ነገሩ የተረት ብቻ ቢሆን ኖሮ ባልጻፍሁበት ነበር። ነገር ግን በመካነ ሰላም ከተማም ሆነ በቦረና ገጠር «የእገሌ ቤት ልጅ ትምህርት አይገባውም፤ ከዘሩም የለ» ሲባል ይሰማል። ይህ ቃል ቀላል ቃል አይደለም፤ አንዱን ልጅ ከከብት ጥበቃ፣ አንዲቱንም ልጅ ያለ ዕድሜዋ ከባል ቤት ያስቀራል። የ2014 ዓ.ም. የ12ኛ ክፍል ፈተና በዩኒቨርሲቲዎች ግቢ ተሰጥቶ 50 ከመቶና ከዚያ በላይ ያመጡት ከመቶ 3.3 ብቻ በሆኑ ጊዜ፣ በተከታዩም ዓመት 3.2 በሆኑ ጊዜ፣ «የዛሬ ልጅ አእምሮ የለውም» ያሉ ነበሩ። የአንድ አገር ልጆች ዘር በአንድ ዓመት ውስጥ ሊለወጥ እንደማይችል ግን የታወቀ ነው። የተለወጠው የፈተናው አሰጣጥ ነበር፤ አስቀድሞም በወረርሽኝና በጦርነት ምክንያት ትምህርት ቤቶች ተዘግተው ነበር።

ይህን ክርክር በአውሮፓ ስም ሰጥቶ ያስፋፋው የቻርልስ ዳርዊን ዘመድ የሆነው እንግሊዛዊ ፍራንሲስ ጋልተን ነው። እ.ኤ.አ. በ1869 ባወጣው መጽሐፍ የታወቁ ዳኞችን፣ የጦር አለቆችንና ሊቃውንትን ቤተ ዘመድ እየቈጠረ ታላቅነት በዘር ይወረሳል አለ። በዚያው መጽሐፍ ጥቁርን ሕዝብ ከእንግሊዝ ሕዝብ ሁለት ደረጃ ዝቅ አድርጎ አስቀመጠው። እ.ኤ.አ. በ1874 ደግሞ ተፈጥሮና አስተዳደግ የሚሉትን ሁለት ቃላት ጎን ለጎን አቁሞ አከራከራቸው። ከዚያም ዘርን መርጦ ስለ ማሻሻል የሚናገረውን ትምህርት እ.ኤ.አ. በ1883 ስም አወጣለት፤ ይህም ትምህርት በኋላ በናዚዎች እጅ ለብዙ ሕዝብ እልቂት ሰበብ ሆነ። እኔ ግን አንድ ነገር እጠይቀዋለሁ። የዳኛ ልጅ ዳኛ ሲሆን የወረሰው ደሙን ብቻ ነውን? የአባቱንስ መጻሕፍት፣ ወዳጆችና ገንዘብ ማን ወሰደው?

የሚያስደንቀው ይህ መጽሐፍ ከመውጣቱ ከአንድ ዓመት በፊት የጋልተን አገር ሠራዊት ወደ እኛ ተራሮች መጥቶ፣ ለዚሁ ጥያቄ የሚሆኑ ሁለት ሕፃናትን ይዞ መሄዱ ነው።

መቅደላ፣ ዛሬ አምባ ማርያም የሚባለው፣ ከመካነ ሰላም በስተ ሰሜን ምሥራቅ የበሽሎን ሸለቆ ቁልቁል እያየ የቆመ አምባ ነው። ዐፄ ቴዎድሮስ ግምጃ ቤታቸውንም እስረኞቻቸውንም ያኖሩት በዚያ ነበር። የእርሳቸው ነገር ራሱ ለክርክሩ ይሆናል፤ ጠላቶቻቸው «የኮሶ ሻጭ ልጅ» እያሉ ሲሰድቧቸው ነገሥታቱን ሁሉ አስገበሩ።

ከአምባው ልጆች የመጀመሪያው ምኒልክ ነው። ቴዎድሮስ በ1848 ዓ.ም. ሸዋን በያዙ ጊዜ የ11 ዓመት ልጅ ሳለ ተማረከ፤ ዐሥር ዓመት ያህልም በእርሳቸው እጅ አደገ። እስረኛ ቢሆንም እንደ ልጅ ተያዘ፤ ልጃቸውን ወይዘሮ አልጣሽንም አገባ። በሰኔ 1857 ዓ.ም. ከመቅደላ አምልጦ በወሎዋ ገዥ በወይዘሮ ወርቂት አገር በኩል ወደ ሸዋ ገባ። የወርቂት ልጅ በቴዎድሮስ እጅ ታስሮ ነበርና ምኒልክን አሳልፋ ልትሰጥ ትችል ነበር፤ አልሰጠችም፤ ልጇም ከአምባው ገደል ተወርውሮ ሞተ። (የወሎ ሰው ይህችን ሴት ከሚያስታውሳት የበለጠ ሊያስታውሳት ይገባ ነበር።) ዳግማዊ ምኒልክ በኋላ ንጉሠ ነገሥት ሆነው አገር አንድ ለማድረግና የጦር መሣሪያ ለመሰብሰብ የተጉት ከቴዎድሮስ ቤት ተምረው ነው የሚል አለ። ይሁን እንጂ አያታቸው ንጉሥ ሣህለ ሥላሴም ከእንግሊዝና ከፈረንሳይ መልክተኞች ጋር ውል የተዋዋሉ፣ ጠመንጃ የሚወዱ ሰው ነበሩ። ስለዚህ ደሙ ነው ቢሉም ቤቱ ነው ቢሉም በምኒልክ ነገር መለየት አይቻልም።

ሁለተኛው ልዑል ዓለማየሁ ነው። በ1853 ዓ.ም. ከዐፄ ቴዎድሮስና ከእቴጌ ጥሩወርቅ ውቤ ተወለደ። ሚያዝያ 6 ቀን 1860 ዓ.ም. አባቱ በመቅደላ ራሳቸውን ሲገድሉ ሰባተኛ ዓመቱን ሊሞላ ጥቂት ቀን ቀርቶት ነበር። እናቱም ከእንግሊዞች ጋር ወደ ባሕር ሲወርዱ በሚቀጥለው ወር ትግራይ ላይ ሞቱ። ልጁን ካፒቴን ስፒዲ፣ በአገራችን ባሻ ፈለቀ የተባለው፣ ይዞት ሄደ፤ ስፒዲ አማርኛ ያውቅ ስለ ነበር ልጁ ተጠጋው። ንግሥት ቪክቶሪያም አይታው ወደደችው። ስፒዲ ወደ ሕንድ ለሥራ ሲዛወር አብሮ ወሰደው፤ ነገር ግን የመንግሥት ሹማምንት ልጁ በእንግሊዝ አገር ይማር ብለው ከእርሱ ለዩት። በቸልተንሃም፣ ቀጥሎም በራግቢ፣ መጨረሻም በሳንድኸርስት የጦር ትምህርት ቤት አስገቡት። እነዚህ የጌቶች ልጆች የሚማሩባቸው ቤቶች ናቸው። የመጽሐፉ ትምህርት ግን አልሆነለትም፤ ሳንድኸርስትንም ሳይጨርስ ተወው። ሊድስ በምትባል ከተማ ከአንድ አስተማሪ ቤት ተቀምጦ ሳለ በሳንባ በሽታ ታሞ በኅዳር 1872 ዓ.ም. ሞተ። ዕድሜው 18 ነበር። ይህን ጽሑፍ የሚያነቡ የ12ኛ ክፍል ተማሪዎች አብዛኞቻችን የዚያው ዕድሜ ልጆች ነን።

ሦስተኛው ወርቅነህ እሸቴ ነው። ወላጆቹ የጎንደር ሰዎች ነበሩ። በዚያ ጦርነት 3 ዓመት ያህል ዕድሜ ያለው ሕፃን ሆኖ ከመቅደላ ላይ ያለ ወላጅ ተገኘ። አንድ ቻምበርሌን የሚባል ኮሎኔል ወደ ሕንድ ወሰደው፤ እርሱ ሲሞት ማርቲን የሚባል ሌላ ኮሎኔል የትምህርቱን ወጪ ቻለ። ስለዚህም ቻርልስ ማርቲን ተባለ። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ተምሮ ወደ ላሆር የሕክምና ኮሌጅ ገባ፤ እ.ኤ.አ. በ1882 ሐኪም ሆነ፤ ቀጥሎም በስኮትላንድ ትምህርቱን አሳደገ። ጋልተን ሁለት ደረጃ ዝቅ ካደረገው ሕዝብ የተወለደው ልጅ የጋልተንን አገር ሰዎች በሚያክምበት በዚያ ጊዜ ጋልተን ገና በሕይወት ነበር።

የአድዋ ድል በ1888 ዓ.ም. በተሰማ ጊዜ ሐኪም ወርቅነህ ወደ አገራቸው ለመምጣት ተነሡ፤ በ1891 ዓ.ም. አዲስ አበባ ሲደርሱ አማርኛ አያውቁም ነበር። ዘመዶቻቸው ያወቋቸው በሰውነታቸው ላይ ባለ ጠባሳ ነው። በዚህ ላይ «ያው ዘር ከልጓም ሳበ» የሚል ይኖራል። እኔ ግን ደም ቋንቋን ተሸክሞ አለመምጣቱን እመለከታለሁ። ሐኪም ወርቅነህ ኢትዮጵያዊ መሆናቸውን ያወቁት ያሳደጓቸው ሰዎች ስለ ነገሯቸው ነው፤ ባይነግሯቸው ኖሮ አድዋ የሩቅ ወሬ ሆኖ በቀረ።

አሁን ሁለቱን እናመዛዝን። ከአንድ አምባ፣ በአንድ ወር፣ በአንድ ሠራዊት ተወሰዱ። ነገሩ በዘር ቢሆን የንጉሡ ልጅ መብለጥ ነበረበት። ነገሩ በትምህርት ቤት ክብር ቢሆን አሁንም ብዙ ገንዘብ የወጣለት የንጉሡ ልጅ መብለጥ ነበረበት። የሆነው ተቃራኒው ነው። እንደሚመስለኝ ልዩነቱ ያለው ሁለቱ ክርክረኞች ከማይመለከቱት ቦታ ነው። የሰባት ዓመት ልጅ የአባቱን ሞት፣ የእናቱን መቃብር ያስታውሳል፤ ቋንቋውን ከሚያውቅለት ከአንዱ ሰው ደግሞ በሹማምንት ደብዳቤ ተለየ። የሦስት ዓመቱ ልጅ ያን ሁሉ አላስታወሰም፤ በእጁ የሚይዘው ሙያም ተሰጠው። በሁለት ልጆች ብቻ ሕግ ማውጣት እንደማይገባ አውቃለሁ፤ ጋልተን ግን የታወቁ ሰዎችን ቤተ ዘመድ ቈጥሮ ለሰው ዘር ሁሉ ሕግ አውጥቷል።

የእኛ አገር ገበሬ ይህን ነገር ከማሳው ያውቀዋል። ከአንድ ጎተራ የወጣ ገብስ አንዱ ፍግ ካገኘ ጓሮ፣ አንዱ ከድንጋያማ ተዳፋት ቢዘራ፣ በአንዱ ማሳ ውስጥ ያለው የዛላ ልዩነት ከዘሩ ሊሆን ይችላል፤ በሁለቱ ማሳዎች መካከል ያለው ግን ከመሬቱ ነው። የደጋውንም እንቅርት ተመልከቱ። ከእናት ወደ ልጅ በአንድ ቤት ሲታይ ስለ ኖረ የዘር ነው ይባል ነበር። የሚበዛው ግን ከአፈሩና ከጨው አዮዲን በመጥፋቱ የመጣ ነው፤ ይኸው ጉድለት የሕፃናትን የአእምሮ እድገት ይጎዳል። በ2003 ዓ.ም. የገበታ ጨው ሁሉ አዮዲን እንዲጨመርበት በደንብ ተወሰነ። ስንት ልጅ «አይገባውም» ተብሎ የቀረው በአንድ ቁንጥር ጨው ምክንያት ይሆን?

ሐኪም ወርቅነህ በ1917 ዓ.ም. የተከፈተውን የተፈሪ መኰንን ትምህርት ቤት መርተዋል፤ ነጻ ለወጡ ባሮችም ትምህርት ቤት አቋቁመዋል፤ ጨርጨርን ገዝተዋል፤ የጣልያን ወረራ ሲመጣ በለንደን የኢትዮጵያ ሚኒስትር ነበሩ። አማርኛውንም እንደ ገና ተምረው የዓለምን ጂኦግራፊ በአማርኛ ጻፉ። በ1945 ዓ.ም. አርፈው በአገራቸው ተቀበሩ። ልዑል ዓለማየሁ ግን በዊንድሰር በንግሥቲቱ ቤተ ክርስቲያን ነው ያለው። ኢትዮጵያ አፅሙ እንዲመለስ ጠይቃለች፤ የእንግሊዝ ቤተ መንግሥት በ2015 ዓ.ም. የሌሎችን አፅም ሳይነኩ ማውጣት አይቻልም ብሎ መለሰ። በመስከረም 2016 ዓ.ም. በለንደን ለኢትዮጵያ የተመለሰው ከራሱ ላይ የተቈረጠ ጥቂት ጠጉር ነው።